ሮም ሁለት ቀን ከእናቴ ጋር፦ ባዶ ቦታ ለማየት ልሂድ?

ጥያቄውን ኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፈችው ዳላስ የምትኖር ሴት ናት። ነሐሴ ላይ እናቷን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ስትበር መንገድ ላይ ሮም ሁለት ሌሊት ያድራሉ። እናትየው 68 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ፍልሰታን ደግሞ ሳያዛንፉ ይጾማሉ። ልጅቱ ማየት የምትፈልገው የታወቀውን ነው፤ ኮሎሲየምን፣ ቫቲካንን፣ ሳንቲም የሚወረወርበትን የትሬቪ ፏፏቴ። እማማ ግን የለመኗት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ እንድታሳያቸው። ሐውልቱ አገሩ ከገባ ስንት ዓመቱ፣ አሁን ባዶ ሜዳ ለማየት ካለኝ ሁለት ቀን ላይ ግማሽ ቀን ላቃጥል ወይ? ነው ጥያቄዋ።

34 መልስ መጣላት። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ። ከመካከላቸው አንዱ የኔ ነው፤ የሚያኮራ አይደለም፣ ስደርስበት እናገራለሁ።

መልስ 1 ሮም 20 ዓመት የኖረ ሰው ነው። እህቴ ብሎ ጀምሮ፣ ለእናቷ ሰላምታ አቅርቦ፣ ነገሩን በአራት መስመር ዘጋው። ቦታው ፖርታ ካፔና ይባላል፤ ከኮሎሲየም በሜትሮ ቢ መስመር አንድ ፌርማታ ነው፤ ቺርኮ ማሲሞ ወርዶ ወደ ላይ መውጣት ብቻ ነው። በእግር ከሆነም ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮን ይዞ ቀጥ ማለት ነው፤ ለጤነኛ እግር አሥር ደቂቃ ገደማ፣ ለታመመ ጉልበት ሃያ ይያዝለት። ግማሽ ቀን የሚባል ነገር የለም። ክሩ (የጥያቄና መልሱ ሰንሰለት) እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ማንም ከማንም ባልተጣላ።

መልስ 2 ምስጋና ብቻ ነው። መልስ 3 ላይ ግን አንድ ሰው ገብቶ ኮሎሲየም ራሱ መታየት የለበትም አለ። ለፈረሰ ግንብ 18 ዩሮ የሚከፍል ሰው ገንዘብ የበዛበት ነው፤ እሱ ከውጭ ፎቶ ተነስቶ በተረፈው ጫማ ገዝቷል። (ይህን ሰው በሌሎች ክሮችም አገኘዋለሁ። የሄደበት አገር ሁሉ የሚያስታውሰው ጫማውን ነው።) መልስ 4 ትዕግሥቷ ያለቀባት ሴት ነች፤ ትኬቱ ፎሮ ሮማኖንና የፓላቲኖን ኮረብታም እንደሚጨምር፣ 24 ሰዓት እንደሚያገለግል፣ ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን አስጀምሮት ልጁ ቲቶ እ.ኤ.አ. በ80 የመረቀውን ነገር ከጫማ ጋር ማወዳደር ነውር እንደሆነ ነገረችው። ለጠያቂዋ ደግሞ የሚረባ ነገር ጨመረች፦ ትኬቱ በኢንተርኔት አስቀድሞ ይቆረጥ፣ ለእናትዬው ሊፍት አለ፣ በር ላይ ሰልፍ አሳልፋችኋለሁ እያለ የሚከተል ሰው ቢመጣ አይታመን።

መልስ 5 በዚሁ ላይ ተንተርሶ የራሱን ገጠመኝ አወጣ። ትኬቱ ላይ ስም ይጻፋል፣ መግቢያው ላይ ከፓስፖርት ጋር ይመሳከራል። እሱ ለአባቱ ሲቆርጥ ስምና የአባት ስም ብቻ ሞላ፤ ፓስፖርቱ ላይ የአያትም ስም አለ። በረኛዋ ትኬቱንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን ይዛ በጣቷ እያንዳንዱን ስም እየነካች ቆጠረች፤ ሁለት፣ ሦስት፣ እንደገና ሁለት። አባቱ ነገሩ ስላልገባቸው ለሷም እጃቸውን ዘርግተው ጨበጧት። አሳለፈቻቸው።

መልስ 6 ሁላችሁም ስለ ድንጋይ ስታወሩ አንድ ሰው እንኳ ፓስፖርቱን አልጠየቀም ብሎ ተቆጣ። ቁጣው ልክ ነበር። ግሪን ካርድ ይዞ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ከአውሮፕላን ጣቢያው ወጥቶ ሮም ለማደር የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካን መኖሪያ ወረቀት የጣሊያን የድንበር ፖሊስ አይቆጥረውም። መልስ 7 ሰውን አታስፈራራ አለው። መልስ 8 ላይ ጠያቂዋ መጥታ እናቷ የአሜሪካ ዜግነት እንዳላቸው ተናገረች፣ የሚያድሩትም ከኦገስት 14 እስከ 16 እንደሆነ አከለች። በዚህ ቀን ምክንያት ሌላ ጣጣ መጣ።

መልስ 9 ቀኑን አይቶ ጭንቅላቱን ሳይዝ አልቀረም። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ ነው፤ ጣሊያን አገሩን ዘግቶ ወደ ባሕር የሚወርድበት። የቫቲካን ሙዚየሞችም በዕለቱ ዝግ ናቸው። ካቶሊኮቹ ፍልሰታን የሚያከብሩት ያን ቀን ስለሆነ ነው፤ በኛ ገና ነሐሴ 9 ነው፣ ጾሙ ሊፈታ ሳምንት ይቀረዋል። መልስ 10 ግን ይህ ኪሳራ አይደለም ባይ ነው። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ትንሽ ራቅ ብሎ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ አለ፤ በነጻ ይገባል፣ ሞዛይኮቹ የ5ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፣ ጳጳስ ፍራንሲስኮስም በ2025 የተቀበሩት እዚያ ነው፤ በማርያም ቀን ከማርያም ቤት የተሻለ ምን አለ አለ። ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ሲሄዱ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ስለሆነ እማማ ነጠላቸውን ሻንጣ ውስጥ እንዳይተዉት መከረ። ቀጥሎ ይህ ሰው ዕውቀቱን መደበቅ አቃተው፦ ከባሲሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የኛ መነኮሳት ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያረፉበት። ከደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 ያሳተሙት እዚያው ሮም ነው። በሩ ለሄደ ሁሉ ክፍት አይደለም፤ ግን ጉልላቱን እያዩ ከጀርባው ምን እንዳለ ማወቅ ይበቃል ብሎ ጨረሰ። ከ34ቱ መልስ ለራሴ አትሜ ያስቀመጥኩት ይህን ነው።

መልስ 11 ከኒውዮርክ ነው። ፖርታ ካፔና ሄዶ ሐውልቱ የነበረበትን ሲፈልግ ሁለት አጫጭር ዓምዶች ቆመው አገኘ፤ የአክሱም ስብርባሪ መስሎት ተሳልሞ ፎቶ ሊነሳ ሲል ጽሑፉን አነበበው። የሴፕቴምበር 11 ሟቾች መታሰቢያ ነው። በዚያ ቀን ሥራ ቦታው ማንሃታን ነበርና እንባው መጣ፤ ለየትኛው እንዳለቀሰ ግን እስከ ዛሬ አያውቅም። መልስ 12 ይህ አልተዋጠለትም። የሰረቁትን መልሰው ለይቅርታ የሚሆን አንዲት ሰሌዳ ሳያቆሙ በቦታው የሌላ ሰው ሐዘን ተከሉበት ብሎ በደማቅ ፊደል ጻፈ።

መልስ 13 የኔ ነው። በነደደው ላይ ቤንዚን ጨመርኩ፦ ፋሺስቶች ቆሞ የነበረውን ሐውልት ጥለው፣ ሰባብረው፣ ወሰዱት አልኩ። ልጅ ሆኜ እንዲያ ነው የሰማሁት። መልስ 14 አክሱም ተወልዶ ያደገ መሆኑን ጠቅሶ፣ በትሕትና ግን አጥንት በሚሰብር ትሕትና፣ አረመኝ። የተወሰደው ከብዙ ዘመን በፊት ወድቆና ተሰባብሮ የተኛው ነው። ሳይወድቅ የኖረው የኢዛና የሚባለው ነው፤ እሱ ከአክሱም ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ጣሊያኖቹ በ1937 ስብርባሪውን ወስደው ገጣጥመው ያቆሙት በቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው ፊት ነው፤ ሕንጻው ዛሬ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ዋና መሥሪያ ቤት ሆኗል። ስርቆቱ እውነት ሆኖ ሳለ ውሸት አትጨምሩበት አለ። እስካሁን አልመለስኩለትም። እዚህ ላይ ይቅርታ ብያለሁ፤ እዚያ ግን እጄ እንቢ አለኝ።

መልስ 15 የቀረውን ሞላው። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል ልትመልስ ፈርማ፣ ሐውልቱ ከቦታው የወረደው በ2003 ነው። 24 ሜትር የሚረዝመውን፣ 160 ቶን የሚጠጋውን ድንጋይ በሦስት ከፍለው በ2005 በአንቶኖቭ አውሮፕላን አመጡት፤ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ አበበ ቢቂላ ዞረ። ስለ ሮም ተነስቶ አበበ ሳይነሳ ሊቀር አይችልም። መልስ 16 ከካምፒዶሊዮ ተነስቶ፣ በአፒያ አንቲካ በችቦ ብርሃን አልፎ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር የጨረሰውን ሩጫ ተረከ፤ ከአሰልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ተመካክረው ሞሮኳዊውን ራዲን አምልጦ የሚወጣው ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ እንዲሆን መቁረጣቸውን አነሳ። ስለዚህ እማማ ከፖርታ ካፔና ወደ ቅስቱ ቢራመዱ አበበ ብቻውን የሮጠበትን የመጨረሻ መንገድ ሄዱ ማለት ነው። 2፡15፡16 ነው የገባው። መልስ 17 ታሪኩን አልነካም፣ ቀኑን ብቻ አስተካከለ፦ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 በኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፤ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ። ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼ ስንት ጊዜ ሳላሰላው! በማግስቱ ጠዋት አገሩ ሁሉ አበባየሆሽ ሲል የነበረው ለእሱም ጭምር ነበር። መልስ 18 በ2010 የሮም ማራቶን ሲራጅ ጌና የመጨረሻውን 300 ሜትር ያህል ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገብቶ ማሸነፉን አስታወሰ፤ ለዚያ ጉርሻ 5,000 ዩሮ ተመድቦ ነበር። የመልስ 3 ሰውዬ ጫማ ሲባል ሰምቶ ተመለሰ፣ ማንም አልሰማውም።

መልስ 19 ጠያቂዋ ተርሚኒ አጠገብ ካደረች ሌላም ባዶ ቦታ እንዳለ ነገራት። ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ ይባላል፤ አምስት መቶዎቹ ጃንዋሪ 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት ጣሊያኖች ናቸው። ከአደባባዩ አልፎ አንዲት የግብጽ ሐውልት ለነሱ መታሰቢያ ቆማለች፣ እግሯ ሥር ደግሞ ከለገሃር የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦ ነበር። አንበሳው ተመልሶ ለገሃር ነው ያለው። ዘርዓይ ደረስ ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ሰኔ 8 ቀን 1930። እስከዚህ መልካም። ከዚያ መልስ 20 አምስት ፋሺስት አንገት ቀላ አለ፤ መልስ 21 የጣሊያን መዝገብ የሚያወራው ስለ ቁስለኞች ነው፣ ደግሞ ዘርዓይ የኤርትራ ልጅ ነው፣ ለቀቅ አድርጉት አለ። ምን ያህል እንደተፋፋመ መገመት አያቅትም። አወያዩ በመልስ 22 ገብቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ። ሁለቱም ያልጻፉትን እኔ ልጨምር፦ ዘርዓይ በፈረንጅ 1945 የሞተው ሲሲሊ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። ስንት ሰው መታ ብሎ ከመከራከር ይህ ቢወራ ይሻል ነበር።

መልስ 23 ነገሩን ለማብረድ ይመስላል፣ እማማ ምን ይበላሉ? ብላ ጠየቀች። ወደ ሆድ ሲመጣ ሁሉም ባለሙያ ነው። መልስ 24 ፒዛ ማሪናራ የሚባለውን ነገረቻት፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት፤ አይብ የለበትም። ስፓጌቲ በቲማቲምም ይሆናል፤ ፌቱቺኔ ግን እንቁላል አለበት። ለሙቀቱ ደግሞ የሎሚ ሶርቤቶ፤ ጄላቶ ወተት ነው። መልስ 25 ማሪናራ ማለት የባሕር ማለት ስለሆነ ዓሣ አለበት አለ። የለበትም። ግን ዓሣ የሚለው ቃል አንዴ ወጣ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በአማርኛ ከተጀመረ የሚያቆመው የለም፤ መልስ 26 ያለ አንዲት ነጥብ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፎ መንገደኛ ጾም የለበትም እስከማለት ደረሰ። መልስ 27 ልጄ፣ ይህን የሚወስኑት የነፍስ አባታቸው ናቸው እንጂ አንተ አይደለህም አሉት። በዕድሜ የገፉ ሴት መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ዝም አለ።

መልስ 28 መካኒክ ነው። ሮም ሲገባ ቋንቋው አስፈርቶት ነበር፤ ከዚያ የመጀመሪያውን የጎማ ቤት ሰሌዳ አነበበ፦ ጎሚስታ። ፓራፋንጎ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ሁሉም እዚያው አሉ፤ ጣሊያንኛ ሳይማር ግማሽ መኪና መፍታት እንደሚችል ተረዳ። መልስ 29 ባንኮኒንና ፌርማታን ጨመረ። መልስ 30 ግን ቃል በሌላ አቅጣጫም ተጉዟል አለ። ጣሊያኖች ትርምስምሱ ለወጣ ነገር አምባራዳን ይላሉ፤ በ1936 በመርዝ ጋዝ ጭምር ከተዋጉበት ከአምባ አራዳም የመጣ ነው። ሳን ጆቫኒ አጠገብ በዚሁ ስም የሚጠራ መንገድ አለ። ጣሊያናዊት አለቃው ጠረጴዛውን አይታ ምን ዓይነት አምባራዳን ነው ስትለው፣ ተራራው የት እንደሆነ ሊነግራት አስቦ ተወው።

መልስ 31 አጭር ነው። ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ቦርሳ ወደ ፊት ይታዘል። ኮሎሲየም አካባቢ አፍሪካ፣ ወንድሜ እያለ እጅ ላይ አምባር የሚያስር ሰው በኋላ ዋጋ ይጠይቃል። ቡና ባንኮኒው ላይ ቆሞ ይጠጣ፤ እሱ አንድ የታወቀ አደባባይ ላይ ተቀምጦ ለሁለት ማኪያቶ የከፈለውን ለሚስቱ አልነገራትም። ማኪያቶውም የኛን ያህል አይደለም፤ የሲኒው ቂጥ ላይ ነው የሚቀረው።

መልስ 32 ያ የመጀመሪያው የሮም ነዋሪ ነው። ሁሉንም በጸጥታ ሲያነብ ቆይቶ ውኃ የነገራት ሰው እንደሌለ አስተዋለ። ነሐሴ ሮም ላይ እንደኛ ክረምት አይደለም፣ ድንጋዩ ይግላል። በየመንገዱ ግን ናዞኔ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ ትልቅ አፍንጫ ማለት ነው፤ ወደ 2,500 ይደርሳሉ፣ ከ1874 ጀምሮ ያሉ ናቸው፣ ውኃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። መጎንበስ አያስፈልግም፦ የአፍንጫውን ጫፍ በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ውኃው ተስፈንጥሮ ወደ አፍ ይመጣል። ለጉልበት ሕመምተኛ የተሠራ ይመስላል።

መልስ 33 የተጻፈው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ ጠያቂዋ ከአዲስ አበባ። ቫቲካን ዝግ ነበር፤ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሄደው እናቷ ከወንበር አልነሳም ብለው አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። ትሬቪ ላይ ሳንቲሙን ማን ይወስደዋል ብለው ጠየቁ፤ ካሪታስ የሚባል የቤተ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ለድሆች ሲሏቸው ሁለት ወረወሩ። አውቶቡስ ላይ መውረጃቸው ሲደርስ ወራጅ አለ ብለው ጮኹ፣ ሰዉ ዞሮ አየ፣ እሳቸው ፌርማታ ብለው አስተካከሉ፣ ሾፌሩ ቆመ። ማሪናራውን ሁለት ቀን በሉት፤ ሦስተኛ ቀን ቢኖር አይበሉም ነበር።

ፖርታ ካፔና የሄዱት የመጨረሻውን ማታ ነው፣ ፀሐይ ሲበርድ። እማማ ወዲያ ወዲህ አዩ። በ2005 አንቶኖቩ አክሱም ሲያርፍ በቴሌቪዥን አይተዋል፤ ያን የሚያህል ድንጋይ ሲነሳ የተነቀለ ጥርስ ያህል ጉድጓድ ይተዋል ብለው ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ሊያዩ የመጡት ጉድጓዱን ነበር። ጉድጓድ የለም። ሣርና አስፋልት ነው፣ መኪና ያልፍበታል። ደፈኑት ማለት ነው? ብለው ጠየቁ፣ ልጅቱም የምትለው አጣች። ሁለቱ ዓምዶች ምን እንደሆኑ ስታነብላቸው ነፍስ ይማር አሉ። ከዚያ በሃይላንድ ጠርሙስ ከናዞኔው ውኃ ቀዱ፤ አልጠጡትም። ቦሌ ስትፈትሽ ሻንጣው ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ አገኘችው።

መልስ 34 ለገና ከሁለት ልጆች ጋር ናፖሊ የሄደ ሰው ካለ እያለ ይጠይቃል።